እፊቴ ይክፈቱልኝ

የዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ነርስ ጀርባዋን ሰጥታ ሁለት መርፌ ስትሞላ ዊንታ አንገቷን አሰገገች፤ ምንም አልታያትም። የግቢው ተማሪ ግማሹ ሲያስል ስለሰነበተ የጉንፋን ክትባት በነፃ መጣ ተብሏል። ባደገችበት ቦሌ ደግሞ ነፃ ነገር አይታ አታውቅም። እቤት አባቷ ሳንባቸውን ታመው ተኝተዋል፤ ጉንፋን ይዛባቸው ብትገባ አይችሉትም። የመጣችውም ለሳቸው ብላ ነው። ግን ክትባቱ ራሱ ቢያስይዛትስ?

“ሲስተር፣ ይቅርታ” አለች፣ የጠቀለለችውን እጅጌ ወደ ታች እየመለሰች። “እፊቴ ይክፈቱልኝ።”

መድኃኔዓለም ጋ ባለው የእናቷ ምግብ ቤት የታሸገ ውሃ እንኳ እንግዳው ፊት ካልተከፈተ ይመለሳል። ከኋላዋ የተሰለፉት ተማሪዎች ለማየት ተጠጉ። ነርሷ የያዘችውን የተሞላ መርፌ ትሪው ላይ ከሌላው ጎን መለሰች፤ ከበረዶ ሳጥኑ አዲስ ብልቃጥ አውጥታ ዊንታ አፍንጫ ስር ከፈተችና በአዲስ መርፌ ቀድታ ወጋቻት። ከዚያ ያን የተጠላውን መርፌ አነሳች። ዓይኗን ከልጅቷ ሳትነቅል የራሷን እጅጌ ሰብስባ ክንዷ ላይ ሰካችው።

“ይኸው። ካመመኝ መጥተሽ ትጠይቂኛለሽ።”

ዊንታ አፈረች። ጥጧን ክንዷ ላይ እንደያዘች ስትነሳ ከኋላዋ የነበረው ልጅ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ትሪው ላይ ተሞልቶ የቀረውን ሁለተኛ መርፌ አየና ጉሮሮውን ጠረገ።

“ሲስተር፣ ለኔም እፊቴ ይክፈቱልኝ።”

ነርሷ አንዴ መርፌውን፣ አንዴ ያልተወጋውን ክንዷን አየች።