ቅቤውን አደራ

የሪሀና ጋብቻ የሚታሰርበት ፋቲሃ ሊቀራ የቀረው ግማሽ ቀን ነበር። ፋቲሃ ከተቀራ ደግሞ ወደ ኋላ ብሎ ነገር የለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ባል ሊሆናት ያለው ሙሀመድኑር የሰንበቴ ገበያ ግመል ነጋዴ ነው። ሁለት ሚስቶች አሉት፣ ጢሙን በሂና ያቀላል። ሪሀና አስራ ስድስት ዓመቷ ነው። የአስረኛ ክፍል ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ የመፈተኛ ካርዷን ባዮሎጂ ደብተሯ ውስጥ ደብቃ ይዛለች። አባቷ ከሞተ ወዲህ የቤቱ ቃል የአጎቷ የአብዶ ነው። አብዶም ቆርጧል።

የመጨረሻ ተስፋዋ እናቷ አስያ ነበረች። የአስያ ነገር ግን አንጀት ያሳርራል! አብዶ በግ ይታረድ ሲል «ቶሌ»፣ የሙሀመድኑር ሽማግሌዎች የቀትሩን ዙህር ሰግደው ይመጣሉ ሲል «ቶሌ»። ሌላ ቃል ያልፈጠረባት ይመስል፣ ሳምንቱን ሙሉ እሺ እንዳለች አለፈ።

የዚያን ዕለት ጠዋት ማድቤቱን ለእንግዳ ብላ ጠራረገችው። የጤፉን ማዳበሪያ፣ ሰፌዱን፣ የሪሀናን የደብተር ቦርሳ ሳይቀር ተሸክማ ወደ ዋናው ቤት አስገባች። ማታ ዝናብ ያረሰረሰውን የማሽላ አገዳ ከደጅ አንስታ ማድቤቱ ጥግ ከመረችው፤ ይደርቃል ብላ። ሁለት በርሜል ውሃ ሞልታ በሩ ላይ አቆመች።

«ምን ያደርጋል ይሄ ሁሉ ውሃ?» አላት አብዶ።

«እንግዳ ውሃ ይወዳል» አለችው።

ረፋዱ ሲገባደድ አስያ ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ ወጥታ ስልክ አወራች። ሪሀና ስትወርድ ጠበቀቻት።

«ማን ነው፣ እማ?»

«አክስትሽ ናት። እየመጣሁ ነው ትላለች።»

ሪሀና የእናቷን ቀሚስ ጨምድዳ ያዘች። «እማ፣ በአላህ ይሁንብሽ! አንዲት ቃል ተናገሪልኝ። ፈተናዬን ብቻ ልፈተን፣ ከዚያ በኋላ ገደል ክተቱኝ።»

አስያ ፊቷን አላየችም። የልጇን ጣቶች አንድ በአንድ ከቀሚሷ ላይ አላቀቀችና፣ «ቅቤው እየተነጠረ ነው» አለች። «ሂጂ ጠብቂው። ቅቤውን አደራ!»

ቅቤውን አደራ! ልጇን ለግመል ነጋዴ ሰጥታ ለቅቤዋ አደራ ትላለች! ሪሀና ምድጃው ዳር ተቀምጣ እንባዋን እያዘራች ጠበቀች። ወዲያው የዙህር አዛን አለ። አስያ በበሩ ብቅ አለች።

«ኮረሪማ አልቋል። ዘይና ቤት ሂጂና አምጪ።»

«ቅቤውስ?»

«ሂጂ አልኩሽ፣ ደርሰሽ ትመለሻለሽ።»

ዘይና ጎረቤታቸው ናት፤ ለሪሀና የምታዝንላት ሰው ብትኖር እሷ ናት። ኮረሪማውን ሰጥታ «አብሽሪ የኔ ልጅ» ስትላት ሪሀና ባሰባት። ደረቷ ላይ ተደፍታ ተንሰቀሰቀች፣ ቅቤው ጨርሶ ከልቧ ወጣ። ትዝ ሲላትና ብድግ ስትል፣ ውጭ ሰው ይጮሃል።

«ያረቢ! ማድቤቱ!»

ጥቁር ጭስ ከቆርቆሮው ሥር እየተትጎለጎለ ይወጣል። ከመስጊድ የመጡት አምስቱ ሽማግሌዎች ጃንጥላቸውን እንደያዙ ግቢው መሀል ቆመው ይስላሉ። ሪሀና በርሜሉ ጋ ደርሳ ሁለተኛውን ባልዲ ሳትጠልቅ፣ ቀዩ የእሳት አደጋ መኪና እያላዘነ አጥሩ ጋ ቆመ።

«ከከሚሴ ድረስ በረው መጡ እንዴ?» አለ አንዱ።

እሳት አደጋዎቹ ቱቦ እየጎተቱ ገቡ። ግማሹ ውሃ እሳቱን አጠፋው፤ ግማሹ የትልቁን ሽማግሌ ነጭ ጥምጣም አጠበው። የመኪናውን ጩኸት የሰማ ገበያተኛ አጥሩን ሞላው። በመጨረሻ አንደኛው እሳት አጥፊ ከል የመሰለ ድስት አንጠልጥሎ ወጣና ሽማግሌዎቹ እግር ሥር አስቀመጠው።

«ሌላ የተቃጠለ ነገር የለም። የነደደው ቅቤ ነው፤ ጭሱን ያበዛው እርጥቡ አገዳ ነው።»

ከአጥሩ ወዲያ ሰው ሳቀ። ሪሀና መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

አብዶ ዱላውን አነሳ። «ሆን ብላ ነው! ይቺ ሰይጣን!»

አስያ መሀላቸው ገባች። የጮኸችው ግን በልጇ ላይ ነው። «ስንቴ ነገርኩሽ! ኧረ ምን ይሻለኛል? እናንተ አባቶቼ፣ ይቺ እኮ ሻይ ታሳርራለች! ውሃ ታሳርራለች! ብቻ የምትገባበትን ቤት አላህ ይጠብቀው።»

ሪሀና እናቷ በአደባባይ እንዲህ ታዋርደኛለች ብላ አስባ አታውቅም።

ትልቁ ሽማግሌ ጥምጣሙን ጨመቀ። «አብዶ፣ እህል ሳንቀምስ እሳት ቀደመን። የዚህ ነገር ገዱ አላማረንም። ኸይሩን ያምጣው» አለ። ፋቲሃው አልተቀራም። ተያይዘው ወጡ፤ አብዶም እየማለ፣ እየለመነ እስከ አስፋልቱ ተከተላቸው።

ሪሀና ድስቱ አጠገብ ተደፋች። ከሙሀመድኑር መዳኗ እንኳ አልታያትም። የታያት የእናቷ የጠቆረ ማድቤትና የአብዶ ዱላ ነው። አብዶ ነገ ሌላ ሽማግሌ ያመጣል፤ እናቷ እንደሁ ከእንግዲህ ዓይኗን አታያትም።

«አፉ በይኝ፣ እማ። አደራ ብለሽኝ ነበር።»

አስያ በሻሽዋ ጫፍ ከልጇ ፊት ላይ ጥላሸቱን ታብሳለች።

የእሳት አደጋዎቹ አለቃ ዘመድኩን መዝገቡን ገልጦ መጣ። «አስያ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«እንኳንም ቀድመው ደወሉ፣ እናቴ፤ ገና አዛን ሳይል “ማድቤቴ ነደደ” ባይሉን ኖሮ አንደርስም ነበር።»