የቤት ቁጥር፦ አዲስ

እትዬ ወርቄ የቀበሌ መታወቂያቸውን ከመሀረባቸው ፈትተው ኪቦርዱ ላይ አስቀመጡት። «የኔ ቤት ዜሮ አይደለም» አሉ። የክሊኒኩ ነርስ የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን ባለቤታቸውን ለማየት ሁለት ሳምንት ሙሉ አልመጣችም፤ የጉብኝት ወረቀቷ ላይ የቤት ቁጥራቸው «0» ይላል።

የክሊኒኩ የኮምፒውተር ባለሙያ ሩሃማ መታወቂያውን አየችው። በቤት ቁጥር ቦታ በእስክርቢቶ «አዲስ» ተብሎ ተጽፏል፤ እንጦጦ ሥር ቁጥር ያልደረሰው ቤት ሁሉ እንደዚያ ነው። ወዲያው ገባት። ከክሊኒኩ ዳታቤዝ አድራሻ እያወጣ የሚመልሰውን ትንሽ ፕሮግራም የጻፈችው ራሷ ናት። ቁጥር ብቻ እንዲመልስ አዛው ስለነበር ቃል ሲያጋጥመው ዜሮ ያደርገዋል። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እትዬ። አሁኑኑ ይስተካከላል» አለች። የሚመልሰውን ከቁጥር ወደ ጽሑፍ ቀየረችና ወረቀቱን እንደገና አተመችው።

ነርሷ ከጎን ካለው ክፍል መጥታ ከፕሪንተሩ ላይ አንስታ አነበበች። ወረቀቱ ላይ የነበረው የአርባ አንድ ቤት ዜሮ ሁሉ «አዲስ» ሆኗል። «ሩሂ፣ ታዲያ ከዚህ ሁሉ አዲስ የእሳቸው የትኛው ነው?»

እትዬ ወርቄ መታወቂያቸውን መልሰው ቋጠሩ። «አዲስማ ተጠይቆ ይደረስበታል። ዜሮን ማን ይጠይቃል?» አሉና ነርሷን ቀድመው ወጡ።