የትውስት ሒሳብ

ወረርሽኙ መምህራኑን አልጋ ላይ ከጣለ ወዲህ፣ የታመመ አስተማሪ ዕውቀቱን በቀለበት አድርጎ ለጎረቤቱ ያውሳል። ልብስ ሰፊዋ አስካለ ጠዋት ጠዋት ቀለበቱን ስታጠልቅ የመምህር ልሳነወርቅ ሒሳብ ይሞላባታል። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት፣ ሰባተኛ ክፍል ፊት ቆማ ጠመኔ ይዛ ስታስረዳ የገዛ ድምፅዋ ይገርማታል። ደወል ሲደወል ግን ቀለበቱን ታወልቃለች፤ ዕውቀቱም ወደ ባለቤቱ፣ እሷም ወደ ሜትሯና ወደ መቀሷ ይመለሳሉ።

ዛሬም ቀለበቱን ትምህርት ቤት አስረክባ ቤቷ ገባች። ልጇ ፌቨን ደብተሯን ዘርግታ ጠበቀቻት።

"እማዬ፣ ይቺን ነገ ክፍል ታሳዪኛለሽ። አሁንማ አታውቂያትም።"

አስካለ ጥያቄውን አየት አደረገችና መልሱን ነገረቻት። የሚቀጥለውንም፣ ገጹን ገልጣ ገና ያልተማሩትንም። ቁጥሮቹ በልክ እንደተቆረጠ ጨርቅ እርስ በርስ ይገጥማሉ። እንዲህ ያለ ውበት በዕድሜዋ አይታ አታውቅም።

"ቀለበቱን አላስረከብሽም እንዴ?" አለች ፌቨን።

አስካለ ባዶ ጣቷን አየች። ያለ ቀለበት የሚቀረው መመለሻ ያጣ ዕውቀት ብቻ ነው።

ደብተሩን ቀስ ብላ ከደነችው። ከዚያም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ወደ መምህር ልሳነወርቅ ቤት መንገድ ጀመረች።