ሰማያዊው ቀስት

ጋሼ ሶፋ በሚሠሩበት ሱቃቸው አዲሱን ሶፋ እስከ በሩ አስጎትተው ብርሃን ላይ አቆሙትና ዓይናቸውን አጥብበው ያዩታል። አረንጓዴ የከፋይ ጨርቅ ነው። የግራና የቀኙ መደገፊያዎች ያበራሉ፤ መሃለኛው ግን ጠቁሯል። ጨርቁ ያው አንድ ጨርቅ ነው፤ የተገለበጠው ጸጉሩ ነው። ከፋይ ወደ ታች ሲዳብሱት ይተኛል፣ ወደ ላይ ሲዳብሱት ይቆማል፣ መልኩም ይለወጣል። አንዱ ገልብጦ ቆርጦታል ማለት ነው። ደንበኛዋ ደግሞ ከሰዓት በኋላ መኪና ይዛ ከች ትላለች።

«ቀጮ!» ይላሉ ጋሼ።

ቀጮ ስሙ ነው እንጂ ሰውየውስ በር የሚሞላ ነው። ከስፌት መኪናው ቀና ከማለቱ ይወርዱበታል። የጋሼን አፍ የማያውቅ በሰፈሩ የለም፤ ሲቆጡ የሚስማር ጣሳው ሳይቀር ይንጫጫል። ዓይንህን ቤት ረስተኸው ነው የመጣኸው፣ አንተ ገልቱ፣ ይሄ ከፋይ ነው ጆንያ ነው የመሰለህ ይሉታል። ቀጮ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እናቴ ትሙት እኔ አይደለሁም ይላል። ማን ሊሰማው!

ጥግ ላይ ስፖንጅ የሚቆርጠው ማሙሽ መቀሱን ያስቀምጣል።

ማሙሽ የጋሼ የእህት ልጅ ነው። ሠላሳን ካለፈ ቆይቷል፣ ጢሙ ውስጥ ሽበት ብቅ ብሏል፤ ቤተሰቡ ግን ዛሬም ማሙሽ ነው የሚለው፣ ፖሊሶች በልጅነቱ ስለወሰዱባቸው። አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። የሰፈሩ ባለሱቅ ተገድሎ ሲገኝ፣ መርማሪዎቹ እንቅልፍ ነሥተው ሲያዋክቡት ሰነበቱና፣ እኔ ነኝ በልና እናትህ ጋ ሂድ አሉት። እኔ ነኝ አለ። እናቱ ጋ ግን አልሄደም። እውነተኛው ገዳይ በሌላ ወንጀል ተይዞ እስኪናዘዝ ድረስ ጢሙን ያበቀለው እስር ቤት ነው።

ነጻ ነህ ተብሎ ከወጣ ወዲህ ደግሞ ሰው ሁሉ እንደ እንቁላል ነው የሚይዘው። አምሽቶ ቢገባ እናቱ የት ነበርክ አትለውም። አምና የሱቁን መስታወት በመሰላል ጫፍ ያደቀቀ ጊዜ እንኳ፣ ያ ሁሉ አፍ ያላቸው ጋሼ «ይሰበር፣ አንተ ብቻ ደህና ሁንልኝ» ብለው አለፉ። ደግነት ነው፣ ማሙሽ አይጠፋውም። ግን የማይቆጡት ሰው እንግዳ ነው፤ በገዛ ቤት ውስጥ እንግዳ መሆን ደግሞ ያደክማል።

አሁን የቀጮን ፊት ያያል። ያላደረገውን አደረግህ የተባለ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል እሱን ማንም አያስተምረውም። ያችን ቃል ከዚያን ጊዜ ወዲህ ለምንም ነገር በአፉ አላዞራትም።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» ይላል። «እኔ ነኝ የቆረጥኩት።»

የጋሼ ፊት ይለዋወጣል፤ ቁጣው ጠፍቶ ሐዘን ይተካበታል።

«ተው እንጂ ልጄ» ይላሉ ቀስ ብለው። «ያላደረግኸውን አደረግሁ ማለት እስካሁን አልበቃህም?»

ቀጮን ለማዳን ብሎ እንደሆነ ቀጮ ስድብ የለመደ ነው፣ አይሞትም ይሉታል። አሁን ገና በእናቱ የማለው ቀጮም አዝኖለት፣ ኧረ እኔው ሳልሆን አልቀርም ይላል።

ማሙሽ ይናደዳል። ያን ጊዜ ሲዋሽ ሁሉም አመነው፤ ዛሬ እውነቱን ሲናገር የሚያምነው ጠፋ። መሃለኛውን መደገፊያ ስቦ ዚፑን ይከፍትና የጨርቅ ሽፋኑን አውልቆ ይገለብጠዋል። እዚህ ቤት ከፋይ ከመቆረጡ በፊት ጸጉሩ ወዴት እንደሚተኛ ጀርባው ላይ በጠመኔ ቀስት ይሠመርበታል፤ ቀጮ በነጭ፣ ማሙሽ በሰማያዊ። ሰማያዊውን ጠመኔ የሰጡት ጋሼ ራሳቸው ናቸው። ቀስቱ ሰማያዊ ነው፤ ጫፉም ወደ ታች መሆን ሲገባው ወደ ላይ ነው።

«ይኸው» ይላል ጣቱን አኑሮበት። «ማንም አላስገደደኝም። ጠዋት ከቀጮ ጋር ስለ ኳስ ስከራከር ነው የቆረጥኩት።»

ጋሼ ቀስቱን ያያሉ። ማሙሽን ያያሉ። እንደገና ቀስቱን ያዩና ትንፋሽ ይስባሉ።

«አንተ ደንባራ!»

የሚስማር ጣሳው ይንጫጫል። ስለ ኳስ የሚከራከር ሰው ሜዳ ሄዶ ሣር ይቁረጥ፣ የሰው ከፋይ ምን አድርጎታል ይላሉ። ዚፑ ከታች ባይሆን ኖሮ አዙረን ባስቀመጥነው፣ አሁን ግን ፈትተህ፣ ጨርቁን አዙረህ፣ መልሰህ ሳትሰፋ ምሳ የሚባል ነገር እንዳታስብ ይላሉ። መስታወቴንም የሰበርከው አንተ ነህ፣ የረሳሁት እንዳይመስልህ ይላሉ።

ማሙሽ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ቁጣው በልኩ የተሰፋ ነው፤ ካጠፋው አይበልጥም፣ በሌላ ሰው ጥፋትም የመጣ አይደለም። ደስ ብሎታል። ደስታው እንዳይታወቅበት ጢሙን ይነክሳል።

ጋሼ ድንገት ያቆማሉ። «ከፋህ እንዴ፣ ልጄ?»

«ኧረ ጋሼ። ቀጮን ገልቱ ብለውታል፤ እኔን ገና አላሉኝም።»

ቀጮ መኪናው ላይ ተደፍቶ ይንከተከታል። ጋሼ ፊታቸውን አዙረው ዓይናቸውን በክንዳቸው ይጠርጋሉ።

«ገልቱ» ይላሉ።

ማሙሽ በሩ ላይ ተቀምጦ ስፌቱን ይፈታል። ጨርቁን አዙሮ ብርሃን ላይ ይዘረጋዋል፣ በመዳፉም ወደ ታች ይዳብሰዋል። ጸጉሩ እሺ ብሎ ይተኛል። ከኋላው ጋሼ የመስታወቱን ነገር ገና አልጨረሱም።