የእንግዳው ደብተር

ሲስተር የትንሿን ከተማ ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ክፍል መምራት ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ትሪ ላይ የወደቀ መቀስ የትኛው እንደሆነ ዞር ሳትል ትናገራለች። ስለዚህ እንግዳው ሐኪም ሰኞ ጠዋት ደብተር ይዘው ሲገቡ ነገሩ ወዲያው ሸተታት።

የበጎ ፈቃድ ሐኪሞቹ በየዓመቱ ለአንድ ሳምንት ይመጣሉ። ደንባቸው የታወቀ ነው። ኦፕራሲዮን የሚያደርገው የሆስፒታሉ የራሱ ሐኪም ነው፤ እነሱ ከጎኑ ቆመው ያግዛሉ፣ ሲጠየቁ ይመክራሉ። የከተማው ሰው ግን ይህን አያውቅም ነበር። ዓመቱን ሙሉ ሕመሙን ታቅፎ ይከርምና እንግዶቹ ሲመጡ በሩን ያጣብባል።

የሆስፒታሉ ሐኪም ወጣት ነው፤ የዚያው ሰፈር ልጅ። በልጅነቱ ንፍጡን በክንዱ ሲጠርግ ያዩት ጎረቤቶቹ ሆዳቸውን ሊሰጡት አልደፈሩም። ጤና ቢሮውም ባዶውን የሚውል ክፍል ምን ይሠራል ብሎ፣ ዘግቶ መሣሪያውን ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሊወስድ ዝቷል። ትልቁ ሆስፒታል የአንድ ቀን መንገድ ነው። ይህን ስታስብ ሲስተር እንቅልፍ አይወስዳትም።

ዘንድሮ ቡድኑን የሚመሩት እኚህ አዲስ ሽማግሌ ሐኪም ናቸው። ሣጥኖቹ ከመኪና ሲወርዱ ሁሉም ሲሸከም እሳቸው እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆመው ተመለከቱ።

«ጌታ መጡልን» አለች ሲስተር በሆዷ።

የመጀመሪያ ትእዛዛቸው ደግሞ ጉድ ነበር። ኦፕራሲዮን የሚያደርገው ማን እንደሆነ ለእያንዳንዱ ታካሚ አስቀድሞ ይነገር አሉ። ተነገረ። ከተመዘገበው ሰው እኩሌታው ካርዱን መለሰ፤ ግን ወደ ቤቱም አልሄደም፤ እንግዶቹ ሐሳባቸውን ይቀይሩ እንደሆነ ብሎ ኮሪደሩ ላይ ተኮለኮለ። የሁሉም አፈ ጉባኤ ቡአ ያለባቸው አንድ ጋሪ ነጂ ነበሩ።

«ጋሼ፣ ምን አስፈራዎት?» አለቻቸው ሲስተር።

«ልጄ፣ ይሄን ልጅ ከአህያዬ ላይ ስንቴ አውርጄዋለሁ! እነዚህ ሐኪሞችስ ቢታመሙ ለሱ ይተኙለታል?»

ከበስተኋላዋ የቆሙት እንግዳ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሲስቁ እጃቸው ቶሎ ወደ ሱሪ ኪሳቸው ገባ። ከዚያ ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉ። ሲያስላቸውም እጃቸው እዚያው ኪስ ውስጥ ሲገባ ስላየች፣ ሲስተር ሌላ የተደበቀ ደብተር ሳይኖራቸው አይቀርም ብላ ደመደመች። ጤና ቢሮው የላካቸው ሰላይ ናቸው። ቀድመው ታካሚውን በተኑ፤ አሁን ማስረጃ ይሰበስባሉ።

እሷም አልተኛችም። የሚንቋረረውን የበር ማጠፊያ ዘይት አስቀባች፤ የተቀደደ አንሶላ ከዓይን አራቀች፤ ወጣቱን ሐኪም ደግሞ «ዛሬ እንዳትሳሳት፣ እንዳታስነጥስም» እያለች ጤና ነሳችው። እሱ እንደ ወትሮው ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል ይሰፋ ነበር። እንግዳው በትከሻው ላይ አንገታቸውን አስግገው ቋጠሮውን አንድ በአንድ ይቆጥራሉ።

እሮብ ዕለት እጅ መታጠቢያው ጋ አገኟት።

«ሲስተር፣ ከቤትዎ ሰው ቢታመም በማን ያሳክሙታል?»

«ባለቤቴን ለቡአ ኦፕራሲዮን ያደረገው የኛው ዶክተር ነው» አለች ደረቷን ነፍታ። «ባሌን በሳምንቱ ጣራ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ ሲመታ ያዝኩት።»

«በሳምንቱ?» አሉና ጻፉ።

«እኔ ፈቅጄለት አይደለም፤ ተደብቆኝ ነው።»

እሱንም ጻፉት። ሲስተር ምላሷን ነከሰች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ማገገሚያ ክፍል ገብተው ባዶ አልጋ ላይ ተጋድመው ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሲገላበጡ አየቻቸው። ፍራሽ የሚመረምር ሐኪም በሕይወቷ አይታ አታውቅም።

ሐሙስ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ረስተውት ወጡ። ሲስተር የሰው ነገር አትነካም። ጠረጴዛውን ስትወለውል ግን ገጹ ራሱ ተከፈተ።

«ቁስል ያመረቀዘበት፦ እስካሁን የለም። ፍራሹ ይቆረቁራል። ሲስተር ኃይለኛ ናት። አርብ ይወሰናል።»

«እስካሁን» የምትለዋ ቃል ደሟን አፈላችው። ፍራሹስ እሺ።

አርብ ጠዋት ለማባበል ብላ ትኩስ ዳቦና ሻይ አቀረበችላቸው። ፈገግ ብለው በእጃቸው ገፋ አደረጉት።

«ዛሬ ምንም አልቀምስም፤ ይቅርታ።»

ዳቦ እንኳን የማይበሉልን ከሆነ አለቀልን ማለት ነው ብላ ዳቦውን መልሳ አነሳች። ከረፋዱ ጀምሮ ጭራሽ ከዓይን ጠፉ፤ የሆነ ቦታ ተቀምጠው ሪፖርታቸውን እየጻፉ መሆን አለበት።

በዚህ መሐል ወጣቱ ሐኪም አንድ ካርድ ይዞ መጣ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ሲስተር፣ አንድ ሰው ተጨምሯል። የመጨረሻው ነው፤ ቁጥር አሥራ ሰባት።»

«ስም የለውም እኮ።»

«እስክገባ ስሜ ይቆይ ብለዋል። ምርመራው ሁሉ አልቋል።»

ካርዱን አየችው። ቡአ፣ ስልሳ ሦስት ዓመት። ሲስተር በደስታ ልትዘል ምንም አልቀራት። ጋሪ ነጂው እሺ ብለዋል! እሳቸው ከገቡ ኮሪደሩ በሙሉ ተከትሎ ይገባል፤ ጤና ቢሮውም ሰላዩም የሚሉት ያጣሉ። ጓንቷን አውልቃ ወደ ኮሪደሩ ሮጠች።

ጋሪ ነጂው ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው።

«ጋሼ፣ ልብስዎን አልቀየሩም እንዴ?»

«ለምኑ ብዬ?»

ከጎናቸው ያለው የልብስ መቀየሪያ በር ተከፈተ፤ እንግዳው ሐኪም ከኋላ በክር የሚታሰረውን የታካሚ ጋውን ለብሰው ብቅ አሉ፣ ጋውኑ ኪስ ስለሌለው እጃቸውን ብሽሽታቸው ላይ ደግፈው በታካሚዎቹ መሐል አለፉ፣ ደብተራቸውንም ሲስተር እጅ ላይ አኖሩና «ቁጥር አሥራ ሰባት እኔ ነኝ» አሏት።