አንኳኪው

ልጅቷ በኮሌጁ ማደሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ትኩሱን ዳቦ በፎጣ ይዛ ገለበጠችውና ስልኩን አስጠጋችለት።

«በይ ከታች አንኳኪው፤ ልስማው» አለች እናቷ።

አንኳኳችው። ልቧ ከዳቦው ብሶ ድው ድው ይል ነበር። ጠዋት የደወለችው በፈተና መውደቋን ልትናገር ነበር፤ አፏ አልታዘዝ ቢላት ግን ስለ እርሾ ጠየቀች።

«በስሏል፤ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ይጮኻል። አሁን የደወልሽበትን ንገሪኝ።»

«ለዳቦው ነው እኮ፣ እማዬ።»

«አንቺ ሊጥ የምትነኪው ሆድ ሲብስሽ ነው። ምን ሆነሻል?»

«ፈተናውን ወደቅኩ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«እኔ ደግሞ የታመምሽ መስሎኝ ከጠዋት ጀምሮ መቆሚያ መቀመጫ ነው ያሳጣሽኝ።» ከወዲያ በኩል ወንበር ሲሳብ ተሰማ። «በይ ቁረሺው፤ እኔም ልቀመጥ።»