የክፍል አሥራ አንድ ኦሪጅናል

ላስቲኩን በጥፍሩ ቀደደና ሳጥኑን ከፈተ። ሃያ አራት ዲስኮች በየኪሳቸው ተደርድረዋል። አሥራ አንደኛውን አውጥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለው፤ ጀርባው እንደ መስታወት የገዛ ፊቱን መልሶ አሳየው።

«አየሽ እትዬ? ብር የመሰለ። ይሄ ፋብሪካ የታተመ ነው፤ እንደነዚያ በባዶ ዲስክ የተቀዳ አይደለም። ለልጅ ልጅ ይተርፋል።»

«የልጅ ልጁ መጀመሪያ ይምጣ» አለች ታላቅ እህቱ፣ የአባታቸውን ትራስ እያመቻቸች። «የሲዲ ጀርባ የምታገላብጠውን ያህል ሚስት ብትፈልግ ኖሮ እስካሁን አክስት ነበርኩ።»

አባታቸው ሳቁ። ዓይናቸው ከብርሃንና ከጥላ በቀር መለየት ከተወ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ጆሯቸው ግን የጎረቤት ሹክሹክታ አያመልጠውም።

«ክርክሩን ተዉና ክፈቱልኝ። እሁድ ነው እኮ።»

እሁድ እሁድ የሚሰሙት የአንድ የድሮ ተከታታይ ድራማ ክፍል አሥራ አንድን ነው። ሚስታቸው በቴሌቪዥን ጣቢያው ልብስ ሰፊ ነበረች። ድራማው በሚቀረጽበት ጊዜ፣ የቤት ሠራተኛዋን የምትጫወተው ሴት አንድ ቀን ቀረችና አዘጋጁ መርፌዋን አስጥሎ በር አስከፈታት። ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገረች። ሁለተኛ የጠራት የለም። ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከዚያች በር በቀር ድምፅዋ የቀረበት ነገር የለም።

አባትየው ያኔ ጣቢያው ድረስ ተመላልሰው፣ ቅጽ ሞልተው፣ ወር ሙሉ ደጅ ጠንተው ድራማውን በትዕዛዝ አስቀዱ፤ ሃያ አራት ባዶ ዲስክ፣ ቁጥሩ በማርከር የተጻፈበት። ልጁ ከተማረበት አገር ሲመለስ ሻንጣውን በቅጡ ሳያሳርፍ ያገላበጠው የእነዚያን ዲስኮች ጀርባ ነው። ወይን ጠጅ ቀለም። ባሕር ማዶ አሥራ ሁለት ዓመት የድሮ ድራማ ሲሰበስብ ኖሯልና፣ የተቀዳ ዲስክ ቀለሙ ውስጥ ውስጡን እየገረጣ እንደሚሞት ያውቃል። የሚጠራጠረው ነገር ብዙ ነው፤ ይሄን ግን አይጠራጠርም። ኦሪጅናሉን ከውጭ አስመጣ።

ማጫወቻው ዲስኩን ዋጠ። ሙዚቃው ጀመረ።

«መግቢያው ይሄ ነበር እንዴ?» አሉ አባቱ።

«ሙዚቃውን ቀይረውታል አባባ። ውጭ ሲሸጡት ነው። ምስሉ ግን እንዴት እንደጠራ ብታዩት።»

«ባየው» አሉ፣ ቀልድ ይሁን ቅሬታ በማይለይ ድምፅ።

ሩብ ሰዓት እንዳለፈ በቴሌቪዥኑ ውስጥ በር ተንኳኳ። አባቱ ዝም በሉ ለማለት እጃቸውን አነሡ፤ የሚስታቸውን ቃል ቀድመው ሊሉ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

በሩ አልተከፈተም። ያንኳኳው ሰውዬ ሳሎን ገብቶ፣ እግሩን አነባብሮ ወሬ ይዟል።

«ዘለልከው» አሉ አባቱ።

«አልነካሁትም።»

ወደ ኋላ መለሰው። ተንኳኳ፤ ሰውዬው ተቀምጧል። እንደገና መለሰው። ተንኳኳ፤ ተቀምጧል።

ሳጥኑን አነሣ። ጀርባው ላይ፣ ከታች፣ በደቃቅ ጽሑፍ የእያንዳንዱ ክፍል ርዝመት አርባ አራት ደቂቃ ይላል። ድራማው ሲተላለፍ አንዱ ክፍል ሃምሳ ደቂቃ እንደነበር ይሄን ሳጥን ከማየቱ በፊት ያውቅ ነበር። ለውጭ ጣቢያ ሲሸጡት ለማስታወቂያ ቦታ ቆርጠውለታል። ከማዘዙ በፊት ይህን ቁጥር አንብቦት ነበር፤ የምስሉን ጥራት፣ የድምፁን ዓይነት፣ የታተመበትን ዓመት ሁሉ አንብቦ ነበር።

«በቃ የድሮውን አምጣላቸው» አለች እህቱ።

ሳጥኑን መልሶ አስቀመጠ።

«የት አኖርከው?»

«ቆረጥኩት።»

«ምኑን?»

«በመቀስ። ትናንት፣ አንቺ ሥራ ሳለሽ። ሁሉንም። እኛ ሰብሳቢዎች ኦሪጅናል ሲገባ ኮፒውን አናስቀምጥም፣ ይደባለቃል። መገርጣት ጀምረው ነበር እትዬ። ቢበዛ ሁለት ሦስት ዓመት ነው የሚቆዩት።»

እህቱ ወደ አባታቸው ከዚያ ወደ እሱ አየች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሁለት ሦስት ዓመት ለእሳቸው ምን ያህል እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ነገ ጣቢያው ሄጄ እንደገና አስቀዳዋለሁ።»

«ከምኑ ላይ? ካሴቶቹን ጥለው የቴፕ ክፍሉን ከዘጉት አራት ዓመት ሆነ። አንዴ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።»

«ተዉ እናንተ ልጆች» አሉ አባታቸው ከሶፋው። «ምን ያነታርካችኋል? ሰማኋት እኮ።»

ሁለቱም ዞሩ።

«አባባ...» አለች እህቱ።

«ሰማኋት አልኩሽ። ድምፅዋ እንዲያውም ከዱሮው ጠርቷል።» ፊታቸውን እሱ ወዳለበት አቅጣጫ መለሱ። «ብዙ ደከምክልኝ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ከመጣ ወር ሆኖታል። የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ሲሰብር «ግድ የለም» አሉት። መድኃኒታቸውን አሳስቶ ሲሰጣቸው «ይሁን፣ ይሁን» አሉት። ምን ጊዜም አመስግነውታል። አሁን ግን እንዲጮኹበት ፈለገ፤ በእጃቸው ያለውን ከዘራ እንዲወረውሩበት ፈለገ። ከዘራው ጉልበታቸው ላይ አርፎ አልተንቀሳቀሰም።

በቴሌቪዥኑ ውስጥ ሰውዬው ወሬውን ቀጥሏል። እህቱ ሶፋው ላይ ተጠግታ የአባቷን እጅ ያዘች።

«እጅሽ በረዶ ነው፣ ልቀቂኝ!» ብለው ተቆጧት። «ስንቴ ልንገርሽ፣ የምትለብሺው አጣሽ? እንደ እናትሽ ልትታመሚ ነው?»

እጃቸውን ግን አልነጠቋትም። ወደ ልጃቸው ዞረው፣ እሱ ከቆመበት ትንሽ ወደ ጎን ወዳለው ባዶ ቦታ፣ ለእንግዳ እንደሚደረግ በትሕትና ፈገግ አሉ።